አትንገሩኝ ያላየው ጨዋታ

ሰፈሩ ሁሉ «አትንገሩኝ» ነበር የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ከመታወቂያው ውጪ የትም አይሠራም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። መስመሩ ደግሞ፣ እንደ እድል ሆኖ ወይም እድል ስታሾፍበት፣ በስታዲየሙ ደጃፍ የሚያልፈው መስመር ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ የሰማያዊ ለባሾቹን ደጋፊዎች እስከ አፍ ገደፉ ጭኖ ይወስድና በሩ ላይ ያራግፋቸዋል፤ ከዚያ ከማንም አብልጦ የሚወደውን ጨዋታ እዚያው ጥሎ ባዶ አውቶቡሱን ይዞ ይመለሳል። ሙሽራውን እስከ ሰርግ ቤት አድርሶ ከበር እንደሚመለስ ሚዜ ማለት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጨዋታውን ትልቋ ልጁ ቤት ሆና ትቀዳለታለች፤ ድሮ በካሴት፣ ኋላ ደግሞ ሪሲቨሩ ላይ በምትሰካ ፍላሽ። እሱ ከሥራ ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ ሶፋው ላይ ይደረደርና ጨዋታው ከመጀመሪያው ፊሽካ ይጀመራል። እስከዚያ ድረስ ውጤቱን ከቤቱም ሆነ ከሰፈሩ ማንም ትንፍሽ እንዲል አይፈልግም። ገና ከመንገዱ ማዶ እጁን እያወዛወዘ «አትንገሩኝ! አትንገሩኝ!» እያለ ነው የሚመጣው። ፀጉር አስተካካዩ እሱ ሲያልፍ ሬዲዮኑን ይዘጋል። ባለሱቁ ፊቱን ሳይቀር ያስተካክላል፤ አትንገሩኝ ውጤት ከሰው ፊት ያነባል ይባል ነበርና። አንድ ሰሞን ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ሲነዳ ተቆጣጣሪው አስቆመውና፣ «ክላክስ እንዴት ልትሰማ ነው?» ቢለው፣ «ክላክስ የማደርገው እኔ ነኝ፤ የሚሰማው ሌላው ነው» ብሎ መለሰለት አሉ። ጥጡ ታገደ። በምትኩ ከመቀመጫው ጀርባ በገዛ እጁ ጽፎ ለጠፈ፦ «ስለ ጨዋታ ማውራት ክልክል ነው። ልጆቼ ቤት እየጠበቁኝ ነው።»

«ለምን ፈረቃ ቀይረህ ስታዲየም ገብተህ አታይም?» የሚለው አይጠፋም ነበር። እሱ ግን የቅዳሜና እሁድን ፈረቃ ወዶ ነው የያዘው፤ በሳምንቱ መሀል ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ጊዜ የሚያገኘው እንደዚያ ሲሠራ ብቻ ነው። ቡና ቤት ቆሞ ከጎረምሳ ጋር ማየቱንም አይፈልግም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል። «ጎልም እንደ ምግብ ነው፤ ከቤተሰብ ጋር ሲሆን ነው የሚጣፍጠው።»

ይህን ሲል የኖረው ሰው የሞተው ብቻውን ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ቀን ነበር። ሰማያዊ ለባሾቹ ካሸነፉ ዋንጫው የእነሱ ነው፤ ካልሆነ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ለከርሞ ነው። አትንገሩኝ የመጨረሻው ፌርማታ ደርሶ ተሳፋሪውን አወረደ፣ አውቶቡሱን ከመስመሩ አስተካክሎ አቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ የለም። ሲደርሱ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ ነበር። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን ፍሬኑን እያነሱ ነው የሚያለቅሱት፤ «ሲሞት እንኳን የእጅ ፍሬን ስቦ!» ይላሉ፣ ከዚህ በላይ የሚመሰገንበት ነገር የሌለ ይመስል።

ስልኩ ሲደወል ልጁ ቤት ነበረች። ጨዋታው ካለቀ ቆይቷል፤ ፍላሿን ገና ከሪሲቨሩ እየነቀለች ነው። ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ እንደሚሆነው ጠፍቶ ነው የተቀዳው፤ በቤቱ ሕግ ከአባት ቀድሞ ውጤት የሚያይ ዓይን የለም። የስምሪት ኃላፊው ነው የደወለው። ሰውዬው ሲንተባተብ ሰማችው፣ ሲጨርስ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችው፣ ስልኩን ዘጋች። ከዚያም ፍላሿን ቴሌቪዥኑ ሥር ባለችው ትንሽ ሳህን ውስጥ አስቀመጠች። ሁልጊዜ የምታስቀምጠው እዚያ ነው።

ላውንደሪ ቤት የምትሠራ ልብስ ተኳሽ ናት። ስለዚህ የሚቀበርበትን የአባቷን የክት ሸሚዝ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም። መጀመሪያ ኮሌታውን ከውስጥ በኩል፣ ቀጥሎ የእጅጌውን ጫፍ፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ጀርባውን ተኮሰች። ካውያው እንፋሎቱ አነሰባት። የመሥሪያ ቤቱ ካውያ ቢሆን እንዲህ አያስቸግርም ነበር ብላ አሰበች፤ ያሰበችውም ይህንኑ ብቻ ነው። ሸሚዙ ሲያልቅ የስፌቱን ክር እንኳን ደግማ አየችው። ውስጧ ተጭነውት እንደተኙት ክንድ ነበር፤ ክንዱ አለ፣ የራስ ነው፣ ግን ቢቆነጥጡት አይሰማም።

በማግስቱ አስከሬኑ ከሆስፒታል መጥቶ በውስጠኛው ክፍል ተኛ፤ ሳሎኑ በሰው ተሞላ። ፀጉር አስተካካዩ አለ፣ ባለሱቁ አለ፣ ሹፌሮች ከነዩኒፎርማቸው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። የአባቷ እህት፣ አክስቷ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ለቅሶውን እንደ ቤቷ ታስተዳድራለች። በዚህ መሀል ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታቸው ገባ። አፉ ከእግሩ የሚቀድም ሰው ነው፤ ጥሩ ሰው ነው ግን። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ መሀል ቤት ቆመና፣

«አይ ጋሼ! ምን ዓይነት ሰው ሄደብን! ትናንት እንኳን እነዚያ ልጆች እንደዚያ ተጫውተው፣ መጨረሻ ላይ...»

«ሽሽሽሽ!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ተነስቷል። ባለሱቁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል። አክስቷ ሳትቀር፣ ኳስ ክብ ይሁን ሦስት ማዕዘን የማታውቀው አክስቷ፣ እጇን እያወዛወዘች ነው። ሁሉም በአንድነት ወደ ውስጠኛው ክፍል በር ዞረው ያያሉ፤ ሰምቶ ይሆን እንዴ ብለው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ያመለጠው የአንድ ሰው አፍ ሳይሆን የሰፈር ሙሉ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከሹፌሮቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ያላለቀሰ ሰው የለም። አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ስቅስቅ አለ።

ልጁ ብቻ አላለቀሰችም። ከሁሉም ጮክ ብላ «ሽሽ» ያለችው እሷ ነበረች። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ብርጭቆ ማነሷን አስተዋለችና ወደ ጓዳ ሄደች። አክስቷ በዓይኗ ሸኘቻትና ለጎረቤቷ፣ ያውም ለመሰማት በሚበቃ ድምፅ፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች። ልጅቷ ሰማች። አልተቆጣችም። ምናልባት እውነቷን ነው ብላ አሰበች።

ወንድሟ የደረሰው ከቀብሩ በፊት ነው። ሩቅ ከተማ ነው የሚሠራው፤ መንገድ የሚቀይስ ቀያሽ ነው። አቧራ እንደለበሰ እህቱን አቅፎ ብዙ አለቀሰና ቀና ሲል፣ «እትዬ፣ ከሹፌሩ ጋር ተጣላሁ እኮ» አላት።

«ከየትኛው ሹፌር?»

«ካመጣኝ። ሬዲዮ ከፍቶ ስለ ጨዋታው ሊያወሩ ሲሉ 'ዝጋው' አልኩት። 'ለምን?' ሲለኝ 'አባቴ ገና አላየውም' አልኩት።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አባቴን ልቀብር እየሄድኩ እኮ ነው እንዲህ የምለው።»

«ዘጋልህ?»

«ዘጋልኝ።»

«ጥሩ» አለች።

መቃብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን እንድታነብ የተመረጠችው እሷ ነች፤ ትልቅ ልጅ ናትና። ወረቀቱን ራሷ ጻፈችው። ተወለደ፣ ተማረ፣ በሹፌርነት ተቀጠረ፣ አገባ፣ ልጆች አፈራ፣ ምስጉን ሠራተኛ ነበር፣ ቤተሰቡን ይወድ ነበር፣ ስፖርት ይወድ ነበር። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን በአራት አጥፋ ኪሷ ከተተች። ሲመለሱ አክስቷ፣ «የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው እንዴ ያነበብሽው?» አለቻት።

ለሰው ደንታ ቢስ መምሰሉ አልነበረም የከበዳት። ፍርሃት ነበር የገባት። በልጅነቷ አባቷ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ግራና ቀኝ አስቀምጦ፣ በተጠቀለለ ካልሲ ጎል ሲያገባባት፣ እሷ ስትወረወርና ስትይዝ «በረኛዬ!» እያለ ሲያነሳት ታስታውሳለች። በወጣትነቱ ለመሥሪያ ቤቱ ቡድን በረኛ ነበር፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ያኔ ተሰብራ ጠማማ ሆና ቀርታለች። ጎህ ሲቀድ ልጆቹን ቀስቅሶ ሰፈሩን ያስሮጣቸው ነበር፣ ወንድሟ ሲደክመው በትከሻው ተሸክሞት ይሮጣል። ይህን ሁሉ ታስታውሳለች። ግን የምታስታውሰው የጎረቤት አባት ይመስል ነው። ምናልባት ሳልወደው ነው የኖርኩት ብላ ፈራች። እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው አይነግሩትም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ በውስጧ ያዘችው።

ለቀስተኛው ውጤቱን ትንፍሽ ሳይል እየሳሳ ሲሄድ፣ ወንድሟም ወደ ሥራው ሊመለስ ሻንጣውን ማዘጋጀት ሲጀምር፣ እናታቸው ከተቀመጠችበት ቀና አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአንድ ቁራሽ በላይ ቀምሳ አታውቅም። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችውን ሳህን እያየች፣

«ወንድምሽ ሳይሄድ እናየዋለን» አለች።

«ምኑን እማዬ?»

«ጨዋታውን ነዋ። አባታችሁ ሳያየው የቀረውን እኛ እንይለት። ዘንድሮ ዋንጫው የኛ ነው ሲል ነበር። ያ አፈኛ ቧንቧ ሠራተኛም 'መጨረሻ ላይ' ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ቢያሸንፉ ነው እንጂ ለቅሶ ቤት ጨዋታ አያነሳም።»

አክስቷ ደነገጠች። «በለቅሶ ቤት ኳስ? ሰው ምን ይላል?»

«የሱ ለቅሶ ነው» አለች እናት። «በሱ ደንብ ነው የሚለቀሰው። አንቺ ካልፈለግሽ ሂጂና ተኚ።»

አክስቷ አልተኛችም፤ ተቆጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። እናትየው ግን ያን ቀን ሻይ ጠየቀች፣ ከሻዩም ጋር ዳቦ በላች። «አሸንፈው ከሆነ እኮ» አለች ለወንድ ልጇ፣ «አጥንቱ ደስ ይለዋል።» ወንድሟም ዓይኑ በራ። እህቱ ሁለቱን አየቻቸው፤ ያቺን ፍላሽ ይዘው የቆሙ ነው የሚመስሉት፣ ብትወድቅ አብረው የሚወድቁ። ያሸነፉ ይሁን እንጂ ብላ ተመኘች፣ ለነሱ ስትል።

ሊያዩት በተቀጣጠሩበት እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ትኬት ቆራጯ ናት፤ ከአባቷ ጋር በአንድ አውቶቡስ ብዙ ዘመን የሠራች ሴት። በቀብሩ ቀን ከሰው ኋላ ቆማ አንድም ሳትናገር የሄደች ሴት ናት። ልጅቷ ጓዳ አስገባቻትና በርጩማ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ስትጠመልል ቆየች።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለች በመጨረሻ። «ካልነገርኩሽ እንቅልፍ አይወስደኝም። አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውጤቱን የምነግረው እኔ ነበርኩ።»

ልጅቷ አልገባትም። «የቱን ውጤት?»

«የጨዋታውን። ሁልጊዜ። የመጨረሻው ፌርማታ ስንደርስ፣ ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ 'እህ፣ እንዴት ሆኑ?' ይለኛል። እነግረዋለሁ። ጋሼ ሳያውቅ ቤት ገብቶ አያውቅም እኮ።»

«አባዬ?» አለች ልጅቷ። «አትንገሩኝ?»

«እሱ። እኔም 'ያ ሁሉ ጥጥ፣ ያ ሁሉ ማስታወቂያ ለምንድን ነው ታዲያ?' ብዬ ጠይቄው ነበር። 'ሳላውቅ ከገባሁማ፣ ከተሸነፉ እኔም አብሬያቸው ነው የምናደደው፤ ያኔ ቤቱን ማን ሊያጽናና ነው?' አለኝ። ሲያሸንፉ እጁን እያወዛወዘ ባዶውን ይሄዳል። ሲሸነፉ ግን ፌርማታው ጋ ካለችው ፍራፍሬ ሻጭ ብርቱካን ይገዛል። አንድ በአንድ እየመረጠ። 'ልጆቼ ፊታቸው እንደጠቆረ እንዳያድሩ' ይላል።» እንባዋ ወረደ። «ያን ቀንም ነገርኩት። መጨረሻ ላይ ገባባቸው፣ ዋንጫውም ሄደ አልኩት። ሒሳብ ላስረክብ ሄጄ ስመለስ... ያልኩት ነገር ነው የገደለው እያልኩ...»

ልጅቷ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ቀና አለች። የስምሪት ኃላፊው የአባቷን ዕቃ ያመጣ ቀን፣ ከጃኬቱና ከሻይ ፔርሙዙ ጋር አንድ ፌስታል ነበር። እናቷ ፌስታሉን ተቀብላ እዚያ ላይ ሰቅላው «አይነካ» ብላለች። ማንም አልነካውም። አሁን ከታች ሆና ስታየው በስሱ ላስቲክ ውስጥ ክብ ክብ ነገር ይታያል።

«ከነገርሽው በኋላ ብርቱካን ገዝቷል» አለቻት።

«ገዝቷል?»

«ያው እዚያ ላይ ነው። ተነስቶ ሄዶ፣ መርጦ፣ ገዝቶ፣ ተመልሶ ነው የተቀመጠው። ወሬሽ ቢገድለው ኖሮ ብርቱካን አይመርጥም ነበር።» እንዲህ ስትል ድምፅዋ እንደ መቃብሩ ዕለት ደረቅ ነው፤ እጇ ግን ሳታስበው የሴትዮዋን ጉልበት ይዟል። «አንቺ አይደለሽም። ልብ ነው።»

ትኬት ቆራጯ ብርቱካኑን እያየች ረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ የሄደችው ግን ቀለል ብሏት ነው። ሸክሙን ለልጅቷ ትታላት ነው የሄደችው። ተሸንፈዋል። ሳሎን ውስጥ እናቷና ወንድሟ ሶፋውን ወደ ቴሌቪዥኑ እየጎተቱ ነው፤ «ትንሽ ወደ ግራ፣ አባባ ሁልጊዜ ከዚህ ጋ ነው የሚያየው» ይላል ወንድሟ። ልትነግራቸው ወደ በሩ ሄደች። እናቷ የሶፋውን ልብስ በእጇ እያስተካከለች ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትንቀሳቀስ አላየቻትም። አፏን ከፍታ ዘጋችው።

«ነይ እንጂ እትዬ! ፍላሿን ስኪ!»

ሰካች።

ጨዋታው ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀመረ። የአባታቸው ቦታ ባዶውን ተትቷል፤ ማንም ተዉት አላለም፣ ሦስቱም ግን ጠርዝ ጠርዙን ነው የተቀመጡት። ወንድሟ እንደ ልጅነቱ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከእረፍት በፊት ሰማያዊ ለባሾቹ አንድ አገቡ። ወንድሟ ተስፈንጥሮ ተነሳ፣ እናቷ ጭኗን መታች፣ ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

እሷም ተነሳች። ምን ታድርግ? «ጎል!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ከጉሮሮዋ ሲወጣ የሷ አልነበረም። የአባቷ ነበር፤ ያ ግድግዳ የሚያነቃንቅ፣ አንዴ እሷን ወደ ላይ ሲወረውራት አምፖሉን ያሰበረው ጩኸት። ያን ቀን ምን በልተው ነበር ያደሩት? አምፖሉ ተሰብሮ፣ በሻማ ብርሃን፣ ጭናቸው ላይ የብርቱካን ልጣጭ ይዘው። አባቷ ልጣጩን ሳይበጥስ አዙሮ አዙሮ ልጦ፣ እንደ አምባር በእጇ አጥልቆላት።

ብርቱካን ነበር። እንግዲያው ያን ቀን ተሸንፈው ነበር። መሸነፋቸውን እያወቀ ነው ያቺን አንድ ጎል ይዞ እስከ ጣሪያው የወረወራት። መለስ ብላ ብታስበው፣ አብዝቶ የሚጮኸው ሁሉ ብርቱካን ባለበት ቀን ነው።

ያን ጊዜ የደነዘዘ ክንድ ሲነቃ እንደሚወጋው ያለ ነገር ደረቷ ውስጥ ጀመረ። ያማል። «ውኃ ልጠጣ» ብላ ወደ ጓዳ ሄደች።

ከእረፍት በኋላ አቻ ሆኑ፤ የወንድሟን «አይ!» ከጓዳ ሆና ሰማችው። ፌስታሉን ለማውረድ እጇን ዘርግታ፣ ዘግይታ፣ መልሳ ስታወርድ ቆየች። ቢወርድ ነገሩ ያልቃል። ከኋላዋ እግር ሰማች። እናቷ ናት።

«አውርጂው ልጄ» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጊዜው ደርሷል።»

ልጅቷ ዞራ አየቻት። «ታውቂ ነበር?»

«ፌስታሉ በር ላይ ሲደርስ አውቄያለሁ።»

«እሱንስ? እንደሚያውቅ?»

«ከተጋባን ዓመት ጀምሮ። ብርቱካን ይዞ የገባ ቀን ተሸንፈው ባይሆን ምን አለች በይኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ምኑን? እንደማውቅበት?» እናቷ ፈገግ አለች። «ብነግረውማ ብርቱካኑን ያቆም ነበር።»

«ዘንድሮ የኛ ነው ስትዪ የነበረው...»

«ወንድምሽ ደስ ብሎት ይቀመጥ ብዬ ነው። እሱ እያወቀ ከኛ ጋር ያይ የለ? እኛም ለአንድ ቀን ብናይለት ምን አለበት። ደሞ አንቺ።» እጇን የልጇ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። «አንቺ እንድትጮኺ ፈልጌ ነው። ዝምታሽ ከሱ ሞት ባልተናነሰ አስፈራኝ።»

ልጅቷ ፌስታሉን አወረደችው። ብርቱካኖቹ ልጣጫቸው ትንሽ ደርቋል እንጂ አልተበላሹም፤ እያንዳንዱ ተመርጦ የተገዛ ነው። አንዱን አንስታ እንደ እሱ ሳይበጠስ ለመላጥ ሞከረች። መሀል ላይ ተበጠሰባት። ያኔ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችው፣ ሸሚዙን ስትተኩስ ያላለቀሰችው ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። አባቷን ትወደው ነበር፤ እንዲህ ሲያማት አወቀችው። እናቷ ቢላዋውን ተቀብላ የቀሩትን ላጠች።

ሳህን ይዘው ሲመለሱ ሰዓቱ እየተገባደደ ነው። ወንድሟ ሶፋው ጫፍ ላይ ደርሶ ሊወድቅ ነው፤ ውጤቱ ገና አቻ ነው።

«የት ሄዳችሁ?» አለ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «አንድ ጎል ብቻ እኮ ነው የሚቀረን!» ቀና ሲል የእህቱን ፊት አየ። «ውይ እትዬ፣ አታልቅሺ እንጂ። ይገባል አሁን። አባባ ይሙት፣ ይገባል።»

ብርቱካን ሰጠችው። ሳያይ ተቀብሎ ጎረሰ። እሷም ባዶው ቦታ ላይ፣ አባቷ በሚቀመጥበት፣ ተቀመጠች። እናቷ ወንድሟን ከወዲያኛው ጎን ተጠጋችው። ኳሱ ወደ ሰማያዊ ለባሾቹ ጎል እየመጣ ነው። ወንድሟ የሁለቱንም እጅ ያዘ።

እናትና ልጅ በላዩ ተያዩ። ማንም አልነገረው።